ያለ ጉዳይ የሚኬድበት ከተማ

በእኛ ቤተሰብ ያለ ጉዳይ ከቤቱ የሚርቅ ሰው የለም። ሰርግ ይኬዳል፣ ለቅሶ ይኬዳል፣ ዕቃ ሊጫን ይኬዳል፣ የታመመ ሊጠየቅ ይኬዳል። የባሌም የእኔም ወገን ከወሎ የወጣ ነጋዴና ሹፌር ስለሆነ ያልደረሰበት ከተማ ጥቂት ነው፤ ነገር ግን አንዱም ከተማ ሊያይ ብሎ ከተማ ሄዶ አያውቅም። ሻንጣ ይዘህ ደረጃ ስትወርድ የሚያገኝህ ሰው ሁሉ «በሰላም ነው?» ይልሃል፤ ቀጥሎ «ለምን ጉዳይ?» ይልሃል። ለሁለተኛው መልስ ከሌለህ የመጀመሪያውንም ዋሽተሃል ማለት ነው።

እኔ ደግሞ የሦስት ልጆች እናት ሆኜ፣ ልጆቹን ትቼ፣ ከባሌ ጋር ለሦስት ቀን፣ ያለ ምንም ጉዳይ ልሂድ አልኩ። አሁን ሳስበው ባሌን ቪላ ሥራልኝ ብለው ይቀል ነበር።

ነገሩ የተጀመረው ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ካለ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ነው። ታላቋ ልጃችን የጥርስ ሽቦ ልታስር ገብታ «ጊዜ ይፈጃል፣ ወላጆች ውጭ ጠብቁ» ተባልን። ትንንሾቹ ቤት ከአያታቸው ጋር ነበሩ። ወጥተን ካፌ ገባንና ፊት ለፊት ተቀመጥን። ሁለታችን ብቻችንን ወንበር ስበን ከተቀመጥን ስንት ጊዜ እንደሆነን አላስታውስም።

«የትንሹ ሳል ተሻለው?» አለኝ።

«ተሻለው። የትምህርት ቤት ሰርቪሱ ሰውዬ ደወለ?»

«ደወለ።»

አለቀ። ከዚያ ወዲያ የሚባል ነገር አልነበረም። ሁለታችንም ማኪያቷችንን ማማሰል ያዝን፤ ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል። እሱ ስልኩን አወጣ፣ እኔም የእኔን አወጣሁ። ልጅቷ አፏን በሶፍት ይዛ ስትመጣ ሁለታችንም ከወንበራችን ብድግ አልን፤ ደስ ብሎን። ያ ደስታ ነው ያስደነገጠኝ።

ሥራዬ ጥፋት መፈለግ ነው። ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ካሉት የልብስ ፋብሪካዎች በአንዱ የጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ሸሚዝ እየገለበጥኩ የተዘለለ ስፌት እፈልጋለሁ። ከውጭ ሲያዩት ደህና የሆነ ሸሚዝ ሲገለበጥ ክሩ ላልቶ ይገኛል፤ ገና አልተተረተረም፣ ግን የለበሰው ሰው አንድ ቀን እጁን ሲያነሳ ይሄዳል። በዚያ ካፌ ውስጥ ትዳሬን ገልብጬ ያየሁት መሰለኝ። አልተጣላንም፤ ብንጣላማ ወሬ ነበረን። ልጅ በማመላለስ ሥራ ላይ የተመደብን ሁለት ጨዋ ባልደረቦች ሆነናል። ልጆቹ አድገው የሄዱ ቀን ከዚህ ሰው ጋር ምን እንደማወራ አላውቅም ነበር፤ በእውነት ፈራሁ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ አልኩት። ልጅቷ ከኋላ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫዋን ሰክታለች።

«ሦስት ቀን ለብቻችን የሆነ ቦታ እንሂድ።»

«ከልጆቹ ጋር?»

«ለብቻችን ማለት ምን ማለት ነው?»

መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላችን ያሉት ጡሩምባ እስኪነፉብን ድረስ መኪናውን አላንቀሳቀሰም። ከዚያ ፈገግ አለ፤ ሳያገባኝ በፊት የማውቃት፣ በአንድ በኩል ብቻ የምትመጣ ፈገግታ ናት። «እሺ» አለ። ለዚያች ፈገግታ ስል ነው ቀጥሎ የመጣውን ጣጣ ሁሉ የቻልኩት።

ከተማ የመምረጡ ስብሰባም መኪና ውስጥ ተካሄደ። ቤታችን ለሚ ኩራ ካሉት አዳዲስ ኮንዶሚኒየሞች በአንዱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አማቴን ጨምረን ስድስት ሰዎች ስለምንኖርበት ምስጢር የሚወራበት ክፍል የለውም። ባሌ ቧንቧና ሴራሚክ የሚሸጥበት ሱቅ አለው፤ ጠዋት ጠዋት ወደዚያ ሲሄድ እኔን ፋብሪካው በር ላይ ያወርደኛል። መንገዱ ሩቅ አይደለም፣ ነገር ግን ሁልጊዜ የሆነ ቦታ ተቆፍሮ ስለሚገኝ ለረጅም ወሬ ይበቃል።

«ሐዋሳ» አልኩ በመጀመሪያው ቀን።

«ወንድሜስ?»

«ወንድምህ ምን ሆነ?»

«ሐዋሳ ሄጄ፣ ወንድሜ እዚያው እያለ፣ ሆቴል ልደር? ሰው ቢያየኝስ?»

እውነቱን ነው። ሐዋሳ ማለት ወንድሙ ቤት ማለት ነው። ወንድሙ ቤት ማለት ደግሞ እሱ ሳሎን ከወንዶቹ ጋር፣ እኔ ወጥ ቤት ከሚስትየዋ ጋር ማለት ነው። ሐዋሳ ድረስ ሄጄ ሽንኩርት ልከትፍ? ሐዋሳ ወደቀች።

በማግስቱ ባህር ዳር አልን። እዚያ ያሉት የእኔ አክስት ናቸው። ገና በር ላይ እንዳዩኝ «ልጆቹንስ የት ጣልሻቸው?» ብለው ነው የሚቀበሉኝ፤ ከዚያ ሦስቱን ቀን የጣልኳቸውን ልጆች ስናነሳ ስንጥል እንከርማለን። ባህር ዳርም ወደቀች። አዳማና ቢሾፍቱ ቅርብ ስለሆኑ አማቴ ልጆቹን በሁለተኛው ቀን መኪና ላይ ጭነው ከተፍ ይላሉ። ጅማ የአጎቱ ልጅ ሱቅ ከፍቷል፤ ባሌ እዚያ ከደረሰ ስለ ቧንቧ ሳያወራ አይመለስም።

«ድሬዳዋ» ስል ግን ባሌ ፊቱ ተለወጠ። የአባቱ ታናሽ ወንድም እዚያ ነው የሚኖሩት። ባለቤታቸው ሲሞቱ እኛ ለቅሶ አልደረስንም። ልጆቹ ፈተና ላይ ነበሩ፣ ፋብሪካው ትእዛዝ ደርሶበት ነበር፣ በሚቀጥለው ሳምንት በሚቀጥለው ሳምንት እያልን ጊዜው አለፈ። ካለፈ በኋላ ደግሞ የምንሄድበት ፊት አጣን።

«ለቅሶ ያልደረስኩበት አገር ለሽርሽር?» አለ። «በዚህ ፊቴ ድሬዳዋን አልረግጣትም።»

ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ይባላል። እኛ ዘመዶቻችን ያልተንከባለሉበት አመድ ፈልገን አጣን። ካርታውን በስልኬ ከፍቼ ጣቴን ሳንቀሳቅስ ከየከተማው ሥር አንድ አክስት ብቅ የምትል ይመስለኝ ነበር። ፋብሪካው በር ላይ ደርሼ ስወርድ አውሮፕላኖቹ ከቦሌ ተነስተው በላያችን ያልፋሉ። በውስጣቸው ያለው ሰው ሁሉ ሆቴል ሊያድር የሚሄድ እየመሰለኝ እበግን ነበር።

መፍትሔው የመጣው ከኋላ ወንበር ነው። ልጃችን አንድ ቀን ትምህርት ቤት ልናደርሳት ይዘናት ስንከራከር «ማሚ፣ አርባ ምንጭ ሂዱ በቃ» አለች። «ሲሪየስሊ፣ እዛ ማንንም አታውቁም።» ለካ ጆሮዋ ላይ የሰካችው ነገር ሁልጊዜ ዘፈን የለውም።

ባሌና እኔ ተያየን። በእሱ ወገን ቆጠርን፣ በእኔ ወገን ቆጠርን፤ በጋብቻ የተዛመዱትን፣ ጡት የተጣቡትን ሁሉ አሰስን። አርባ ምንጭ ማንም የለንም። ከገደል አፋፍ ላይ ሆኖ ሁለት ሐይቅ የሚታይበት ሆቴል እንዳለ ልጅቷ በስልኳ አሳየችን። እኔ የዓመት ፈቃዴን ሞላሁ፤ ባሌ ቲኬቱን ለቅዳሜ ቆረጠ። የቀረው ነገር ለአማቴ መናገር ብቻ ነበር።

«አንተ ንገራቸው» አልኩት። «እናትህ ናቸው።»

እኔ መናገር አቅቶኝ አይደለም። ከእሱ አፍ እንዲወጣ ፈልጌ ነው። ‹ከባለቤቴ ጋር ሦስት ቀን ልሄድ ነው፣ ልጆቹን ያዢልን› — ይህን ማለት ምን ይከብዳል? ነገር ግን ባሌ ሰው ፊት ወዶኝ አያውቅም። ሚስጥር አድርጎ የሚወድ ሰው ነው። ቤት ውስጥ፣ መብራት ከጠፋ በኋላ፣ ደህና ነው፤ ሰው ባለበት ግን እኔ «የልጆቹ እናት» ነኝ። አባቱም እንዲህ ነበሩ ይባላል። እኔም አንድ ጊዜ፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ ለሌላ ሰው ጆሮ እንዲሰማ አድርጎ ‹እሷን ፈልጌ ነው› ቢል ብዬ ተመኘሁ። ከአርባ ምንጭ ይልቅ የጓጓሁት ለዚያ ነው።

በማግስቱ «ነገርኳት» አለኝ።

«ምን አሉ?»

«እሺ አለች።»

እሺ ብቻ! እዚህ ላይ ነበር ሸሚዙን መገልበጥ የነበረብኝ።

የእኛ ሕንፃ ውሃ በፈረቃ ነው፤ በረንዳ ላይ የሞሉትን ጀሪካኖች ወደ ወጥ ቤት የማስገባው እኔ ነኝ። ፈቃዴ በጀመረበት ጠዋት አንዱን እንዳነሳሁ አማቴ ከየት እንደመጡ ሳላይ ጀሪካኑን ከእጄ ነጠቁኝ።

«ተይ! ነክተሽው እንዳላይ!»

አማቴ ደግ ሰው ናቸው፣ ግን ጀሪካን ከእጄ ነጥቀው አያውቁም፤ እንዲያውም አንዱን አስገብቼ ሳበቃ ሁለተኛውን በጣታቸው የሚያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። ሶፋ ላይ አስቀመጡኝ። ጥቁር አዝሙድ በማር በጥብጠው በብርጭቆ አመጡልኝ።

«ጠጪው የኔ ልጅ። ከሞት በቀር ለሁሉም መድኃኒት ነው።»

«እማ፣ እኔ ምንም አልሆንኩም እኮ።»

«እሱንማ አውቃለሁ» አሉና በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረግ አደረጉ። ከዚያ ስልኬ ጮኸ፤ የሐዋሳው ወንድሙ ሚስት ናት። «አላህ አፊያ ያድርግሽ፣ በርቺ፣ አንቺ ጠንካራ ነሽ» አለችኝ። ምን ሆኜ ብዬ ብጠይቃት «አይዞሽ፣ እኛ ለማንም አናወራም» አለች። ስልኩን እንደዘጋሁ ከባህር ዳር አክስቴ ደወሉ፤ እሳቸው እያለቀሱ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ መታመሜን ከእኔ በቀር ያልሰማ ሰው አልነበረም።

ወርጄ ባሌን ሱቁ ሄጄ ያዝኩት፤ ደንበኛ አሰናብቶ መኪናው ውስጥ አስገባኝ።

«ምን ብለህ ነው የነገርካቸው?»

«ለሕክምና ነው አልኳት።»

«ማን ነው የታመመው?»

ዓይኑን ከመሪው ላይ አላነሳም። «አንቺ» አለ።

«እኔ?»

«ወላሂ ቀጥ አድርጌ ልነግራት ነበር። አጠገቧ ቁጭ አልኩ፤ አርባ ምንጭ ልንሄድ ነው አልኳት። ‹ለምን ጉዳይ?› አለችኝ። ምን ልበላት? ሚስቴን ይዤ ልዝናና ነው ልበል? ለእናቴ? አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው።»

«እሺ፣ ራስህን ለምን አላሳመምክም?»

«እኔ ከታመምኩማ አብራኝ ትመጣለች።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚሉት እውነት ነው፤ የባሌ ሁለቱም አምልጠውታል። ግን ውሸት እንኳ ሲዋሽ ልክ አለው። ከአርባ ምንጭ ሰው ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ ይመጣል እንጂ ከአዲስ አበባ፣ ያውም ከቦሌ፣ ዙሪያው ሁሉ ክሊኒክ በሆነበት አገር፣ ለሕክምና አርባ ምንጭ የሚሄድ ሰው ማን አለ? አማቴ ሞኝ አይደሉም። ቁጭ ብለው አስበውበታል። ይህን ሁሉ ሐኪም ትታ እዚያ ድረስ የምትሄደው ሐኪሞቹ ተስፋ ቢቆርጡ ነው፣ የቀረው የሀበሻ መድኃኒት አዋቂ ነው ብለዋል። ለሴት ልጃቸውም ይህንኑ በስልክ ነግረዋል። ከዚያ በኋላ አገር ሰማ።

«ዛሬውኑ ሄደህ እውነቱን ትናገራለህ» አልኩት።

«እሺ፣ ትንሽ ይብረድ።»

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእኛ ግን እያደር ከበደ። በዚያው ቀን ከሰዓት ጠያቂ መግባት ጀመረ። ከታች ፎቅ፣ ከላይ ፎቅ፣ ከእድሩ፣ ከሱቁ ጎረቤቶች። ሙዝ በፌስታል፣ ብርቱካን በፌስታል፣ ጁስ በካርቶን። ፍሪጁ አልዘጋ አለ። ትንንሾቹ ልጆቼ እንዲህ ያለ ደስታ አይተው አያውቁም፤ አንዱ «ማሚ፣ ነገም ትታመሚያለሽ?» አለኝ። እኔ ሶፋው ላይ ነኝ። ብነሳ ያስቀምጡኛል። ብስቅ «ሱብሃነላህ፣ እንዴት ያለች ጠንካራ ናት!» ይላሉ። «ደህና ነኝ» ብል እርስ በእርስ ይተያያሉ። ብቆጣ፣ እንዲያውም አንዴ ጮኼባቸዋለሁ፣ «ሕመሙ ነው፣ አትፍረዱባት» ተባባሉ። ሰው በገዛ ቤቱ እንዳይቆጣ ሲከለከል ምን እንደሚሰማው እኔ አውቃለሁ።

ባሌ ከአጠገቤ እየሸሸ እንግዳ ይቀበላል፣ እንግዳ ይሸኛል። ዓይኔን ሲያይ «ዛሬ ማታ» ይለኛል በከንፈሩ። ማታ ሲሆን «ነገ» ይለኛል። ለፍቅራችን ያወጣሁት ፈቃድ በሙዝ ልጣጭ እያለቀ ሄደ።

ይባስ ብሎ አማቴ «በሽተኛ ለብቻው አይሄድም» አሉ። እሳቸውም አብረውን ሊመጡ ቆርጠዋል፤ ልጆቹን ሴት ልጃቸው እንድትይዝ ተደርጓል። ባሌ ይህን ሲሰማ አንገቱን ደፍቶ «እሺ» አለ። እሺ! አስቡት፤ ሁለት ሐይቅ በሚታይበት ሰገነት ላይ እኔ፣ ባሌና አማቴ፣ ጥቁር አዝሙድ በማር ይዘን። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይኸው ነው። በዚያች ቅጽበት ለባሌ ያለኝ ፍቅር ሁሉ ጠፍቶ ነበር ብል አልዋሸሁም።

ሐሙስ አመሻሽ ላይ በሩ ተንኳኳ። ከፍቼ ያየሁትን ሰው ለማመን ጊዜ ወሰደብኝ። የድሬዳዋው አጎቱ ናቸው፤ ሚስታቸው ሲሞቱ ያልደረስንላቸው። በዚያ ዕድሜያቸው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ወጥተው በር ላይ ያለከልካሉ። ጣፋጭ ሐለዋ በካርቶን ይዘዋል።

ባሌ እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል ያዙት። «ተወው» አሉት። «ሕመም ካለ ቂም የለም። ነገ ከጁምዓ በኋላ ዱዓ እናደርግላታለን፤ ከዚያ አርባ ምንጭ አብሬያችሁ እሄዳለሁ።»

ያን ሌሊት መናደድ እንኳ አቃተኝ፤ አፍሬ ነበር። ለእውነተኛ ሐዘናቸው ያልሄድንላቸው ሰው ለሐሰተኛ ሕመሜ መጥተው በትንንሾቹ ልጆቼ አልጋ ላይ ተኝተዋል። ባሌን «ነገ ካልተናገርክ እኔ እናገራለሁ» አልኩት። ጀርባውን ሰጥቶኝ ነበር፤ እንቅልፍ እንዳልወሰደው ግን አውቃለሁ።

በማግስቱ ከሶላት በኋላ ሳሎኑ ጢም አለ። ወንዶቹ በአንድ በኩል፣ ሴቶቹ በእኔ በኩል ተቀመጡ። ሳንቡሳና ሻይ ተዘጋጅቷል። አጎቱ መሐል ላይ ተቀምጠው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ፤ ሰዉ ሁሉ እጁን ዘረጋ። ባሌም ዘረጋ። ከዚያ አጎቱ ወደ እሱ ዞሩ።

«ሕመሙ ምን ይባላል? ስሙን ልወቀውና በስሙ ጠርቼ ልለምን።»

ባሌ አፉን ከፈተ። አውሮፕላን በጣሪያው ላይ አለፈ፤ የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። አጎቱ ድምፁ እስኪያልፍ በትዕግሥት ጠበቁ።

«ምን ይባላል ልጄ?»

ባሌ ብዙ ነገር ይዋሻል፤ ለደንበኛ ‹ነገ ይገባል› ይላል፣ ለእኔ ‹ደረስኩ› ይላል። የተዘረጋ እጅ ፊት ግን መዋሸት አልቻለም። እጆቹ ቀስ እያሉ ወረዱ።

«አልታመመችም» አለ።

ሴቶቹ ወደ እኔ ዞሩ።

«ምንም አልሆነችም። የዋሸሁት እኔ ነኝ። እሷ አላወቀችም።»

አጎቱ እጃቸውን እንደዘረጉ ናቸው። «ታዲያ አርባ ምንጭ ለምን ጉዳይ ነው የምትሄዱት?»

ይኸው መጣች፤ ያችው ጥያቄ። ባሌ መጀመሪያ እናቱን አየ፣ ቀጥሎ ወለሉን አየ። አሁንም ሌላ ጉዳይ ቢፈጥር ተነስቼ እንደምሄድ ለራሴ ነግሬያለሁ።

«ጉዳይ የለኝም» አለ። «ከእሷ ጋር ለብቻችን መሆን ፈልጌ ነው።» ወደ እኔ ቀና አለ። «እቤቴ ውስጥ እያለች ናፈቀችኝ።»

አንዲት ጎረቤት አፏን በሻሿ ሸፈነች። ወንዶቹ ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። ከኮሪደሩ በኩል ልጄ «ወይኔ ዳዲ!» ስትል ተሰማ። እኔ ስንት ቀን ያጠራቀምኩት ንዴት ነበረኝ፤ ምን ብዬ እንደምሰድበው ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። በስድቡ ፈንታ እንባዬ መጣ። እንባዬን ስታይ ደግሞ አጠገቤ ያለችው ሴትዮ እጄን ያዝ አድርጋ «አይዞሽ፣ ያልፋል፣ ሕመም ነው» አለችኝ። እሷ አሁንም አላመነችም።

«እንግዲህ» አሉ አጎቱ፣ «እጃችን አንዴ ተነስቷል። ባዶውን አይመለስም።» ከዚያም ዓይናቸውን ጨፍነው ለመኑ፦ «ያ አላህ፣ እነዚህን ልጆች አንዱን ለአንዱ አቆይለት። አጥተው ከመናፈቅ ጠብቃቸው። ለውሸታሙም ምሕረት አድርግለት።»

«አሚን» አለ ቤቱ። ለመጨረሻዋ እኔ አሚን አላልኩም።

ሳንቡሳው ተበላ፣ ሻዩ ተጠጣ። ሰው ምን ማለት እንዳለበት ስለጠፋው የሙዝ ዋጋ አነሳ። አጎቱ ሲነሱ ባሌን ትከሻውን ይዘው «ከአርባ ምንጭ ስትመለሱ ድሬዳዋ ትመጣላችሁ» አሉት። «እሱ ጉዳይ አለው።» ባሌ «እሺ» አለ፤ ይህችኛዋን እሺ እኔም ደገምኳት።

እንግዶቹን ሊሸኝ ሲወጣ አማቴ በር ላይ አቆሙት።

«ይችን ለመናገር» አሉት፣ «ሚስትህን መግደል ነበረብህ?»

እሱ አንገቱን ደፍቶ ወረደ። እኛ ሁለታችን ብርጭቆ ሰብስበን ወጥ ቤት ገባን። ተቆጥተው እንደሆነ አላወቅሁም፤ እኔ አጠብኩ፣ እሳቸው አደረቁ።

«አባቱ» አሉ በመጨረሻ፣ ብርጭቆውን በጨርቁ እያዞሩ፣ «አንድ ጊዜ ሐረር ወስዶኝ ነበር። በጭነት መኪናው ጋቢና።»

«ለምን ጉዳይ?» አልኩ፤ ሳላስበው አመለጠኝ።

«ለቅሶ ነው አለኝ። የጓደኛው እናት ሞተች አለኝ። ጥቁሬን ለብሼ፣ መንገድ ሙሉ ለማላውቃት ሴትዮ አልቅሼ ደረስኩ።» ብርጭቆውን መደርደሪያው ላይ አስቀመጡ። «ማንም አልሞተም። ሦስት ቀን በእግራችን ከከተማው ግንብ አንዱ በር ወደ ሌላው ስንዞር ከርመን መጣን።»

«ምን አሉት ታዲያ?»

«ምን እላለሁ? ማን ነው የሞተው ብዬ አልጠየቅሁት፤ እሱም አልነገረኝ። እንደዚያው እንዳለ አላህ ወሰደው።» ቀጣዩን ብርጭቆ ከእጄ ተቀበሉ። «ያንቺው ግን ተናገረ።»

እሳቸው ለማልቀስም ለመሳቅም ጊዜ አልሰጡኝም። ጨርቁን አራግፈው ሰቀሉና ወደ በረንዳው በጣታቸው አሳዩኝ።

«በይ እንግዲህ፣ ካልታመምሽ ጀሪካኑን አስገቢ።»